የሳሙናው ሰውዬ የማን ነው?

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 15 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዛሬ ፈረምኩ። ምን እንደፈረምኩ የጠየቅሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ነገሩ ይህ ነው። በአዲሱ መንገድ ዳር መጋዘን የከፈተው የጣሊያን የሳሙና ኩባንያ ሠዓሊ ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሲኞር ቤርቶሊኒ የሳሙናውን መጠቅለያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰውዬ አለ፤ ጉንጩ የተነፋ፣ ባርኔጣው ላይ ላባ የሰካ፣ በአንድ እጁ ሳፋ በሌላው ሳሙና ይዞ እየሳቀ የሚሮጥ። ስሙ ቤፔ ነው አሉኝ። በሕይወት ያለ ሰው አይደለም፤ ገዢ እንዲስብ ተብሎ ከሰው ሐሳብ የወጣ ነው። ይህን ሰውዬ መጀመሪያ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ቀጥሎ በከተማው ሱቆች ላይ፣ በር አሳክዬ እንድሥልላቸው ይፈልጋሉ።

"ከፀጉሩ አንዲቷን እንዳትለውጥ" አለ ሲኞሩ። የሚተረጉምልኝ ይልማ የሚባል፣ ቋንቋውን አስመራ የተማረ ጎልማሳ ነው። "ቤፔ ሮማ ላይ በመዝገብ የገባ የኩባንያው ምልክት ነው። የለወጠው ሌባ ነው። ያለ ፈቃድ የሣለውም ሌባ ነው።"

የፈረምኩትን ወረቀት ይልማ ውጭ ወጥተን አነበበልኝ። ወልደማርያም የሚሥለው ቤፔ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በምንም ነገር ላይ ይሣል፣ የኩባንያው ንብረት ነው ይላል። እጄስ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። 

ይህን ደብተርም የሰጠኝ እሱ ነው። የኩባንያው የትእዛዝ መጻፊያ ነበር፤ በየገጹ አናት ላይ ጣልያንኛ ታትሟል። እኔ ከሥሩ አማርኛ እጽፍበታለሁ። የሚከለክለኝ ካለ ይምጣ።

ደመወዜ ሁለት ሳጥን ሳሙና ነው። ሚስቴ ከበቡሽ ሳጥኖቹን አየቻቸውና ከማገዶው ኋላ አስቀመጠቻቸው።

ጥር 17

የኔታን ሳስብ ዋልኩ። ከአንኮበር በላይ ባለች አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐሥራ አንድ ዓመት ከእግራቸው ሥር ሆኜ ሥያለሁ። ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ ዐይን ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው ይመልሳል፤ ሁለት ዐይኖቹ ይታያሉ። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት፣ እነዚህ ፊታቸው ወደ ጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዐይናቸው ብቻ። ከዚህ ቆላ እስከ መንዝ ድረስ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው ሁሉ፣ ፊደል ባይቆጥር እንኳ፣ ይህን ያውቃል።

ቤፔ ፊቱ ወደ ጎን ነው። አንድ ዐይን።

ለሲኞሩ ልንገረው ብዬ ተነሥቼ እስከ መጋዘኑ በር ሄጄ ነበር። ከዚያ ከፀጉሩ አንዲቷን እንዳትለውጥ ያለው ትዝ አለኝና ተመለስኩ። የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ምን ይባላል? ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 22

የመጋዘኑ አለቀ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፤ ክር በከሰል ዱቄት ነክሬ እየወጠርኩ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጌ ከፋፈልኩት፤ መጠቅለያውንም እንዲሁ። ከትንሹ ቤት ወደ ትልቁ ቤት እየለካሁ አዛወርኩት። ላባው እንኳ ስንት ቅንጣት እንዳለው ቆጥሬ ነው። የተዋጣለት ሥራ ነው። ለማን ተብሎ እንደተዋጣለት ባላውቅም።

ውሃ ስቀዳ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ያወሩ ነበር።

"ያ የታቦት ቤት የሣለው አይደለም?"

"እሱ ነው። አሁን የሳሙና ሠዓሊ ሆኗል። የሰው ወንድም ጫካ ገብቷል፣ እሱ ለፈረንጅ ላባ ይቆጥራል።"

ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ፊታቸውን ባይ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ደግሞ ውሸታቸውን አይደለም።

ጥር 25

ዛሬ የአብዱልሀኪም ሱቅ ተራ ነበር። አብዱልሀኪም ጨውና አቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ ትውልዱ አሊዩ አምባ፣ አጥራችን አንድ ነው። የአረፋ ዕለት ከትናንት ወዲያ ለከበቡሽ ማር ልኮ ነበር፤ ለኛ ሥጋው እንደማይሆን ያውቃል።

"ወልዴ" አለኝ፣ "አላህ ይዘንልህና ነፍስ ያለው ነገር ግድግዳዬ ላይ አትሣልብኝ። እኔ እኮ እዚሁ ነው የምሰግደው።"

"ሳፋውንና ሳሙናውን ብቻ ብሥልስ?"

"እሱማ ምን ይላል።"

ሳፋና ሳሙና ሣልኩለት፤ አረፋውም አምሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲኞር ቤርቶሊኒ መጣ። ቤፔ የታለ አለ። የባለቤቱ ሃይማኖት አይፈቅድም አልኩ። ኩባንያው ያስመዘገበው ሳፋ አይደለም አለና አጠገቤ ቆሞ አሣለኝ።  ስንጨርስ አብዱልሀኪም ጆንያ አምጥቶ በላዩ ሰቀለ። በየሶላቱ ቤፔ ይሸፈናል፤ ጣሊያን በመንገድ ሲያልፍ ይገለጣል። ጆንያ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውለው እኔ በሠራሁት ሥራ ነው። ይቅርታ ልለው ነበር፤ ሳልል መሸ።

የካቲት 3

እትዬ ጌጤ ልብስ ይዘው ወደ ሮቢ ወንዝ ሲወርዱ መጋዘኑ ፊት ቆሙና አማተቡ። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ የጣሪያውን ጠርዝ እቀባ ነበር።

"ይሁዳን እዚህ ምን ሊሠራ አመጣኸው?"

"የሳሙና ሰውዬ ነው፣ እትዬ።"

"ሳሙናውንማ አየሁት። ሳፋም ይዟል። የጸሎተ ሐሙስ እግሩን ሊታጠብ ነዋ።"

"እኔ የሰጡኝን ነው የሣልኩ።"

ቀና ብለው ብዙ አዩኝ። "አንተማ የሰጡህን ነው" አሉ። ከዚያ ሳቁ። ልብሱን በራሳቸው ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ እየሳቁ ሲወርዱ ይሰማኝ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት 4

የይሁዳ ሳሙና። ጠዋት ገበያ ላይ ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ማታ በየቤቱ።

የካቲት 9

ጾም ከገባ አራተኛ ቀን። ሁዳዴን በይሁዳ ሳሙና የታጠበ ነጠላ ለብሶ ማን ቅዳሴ ይቆማል? ሴቶቹ እንዶድ ወደ መውቀጥ ተመልሰዋል። ይልማ እንዳለኝ ከመጋዘኑ የሚወጣ ሳጥን የለም። ሙቀቱ በርትቷል፤ ሳሙናው በሳጥኑ ውስጥ መላብ ጀምሯል አለ።

እኔ የለወጥኩት ነገር የለም። ይህን ደጋግሜ እጽፋለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው።

የካቲት 15

ሲኞር ቤርቶሊኒ ለካኝ። እኔን ሳይሆን ሥዕሉን፤ ግን እኔን ነው የመሰለኝ። ክርና መጠቅለያ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። አፍንጫውን ለካ፤ አገጩን፤ ዐይኑን። ላባውን ቆጠረ። ጀርባው በላብ ተዘፍቆ ወረደ። ሁሉም ልክ ነው።

"ታዲያ ለምንድን ነው የሚስቁት?" አለ።

ይልማ ወደኔ አየ፤ እኔ ወደ ጣሪያው። በመጨረሻ ይልማ ራሱ ነገረው፤ የዐይኑን ነገር፣ የይሁዳን ነገር። ሲኞሩ አፉን ከፍቶ ሰማና እሱም ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር።

"ሁለተኛ ዐይን ጨምርበት።"

"ከለወጥኩት ሌባ አልሆንም?"

ይልማ ይህቺን ተረጎማት፤ እንዳይተረጉማት ፈርቼ ነበር።  ሲኞሩ ለበላዮቹ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለና ገባ። ቤት ስደርስ ከበቡሽ ምን ሆነህ ነው ጥርስህ የማይከደን አለችኝ።

የካቲት 24

መልስ መጣ። ይልማ መንገድ ላይ አቁሞ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ምልክቱ አይለወጥም፤ ለአንድ አገር ተብሎ የተመዘገበ ነገር አይነካም። ጥፋቱ የሥዕሉ ሳይሆን የሕዝቡ ነው። ቤፔ ለሕዝቡ ይስቃል እንጂ ሕዝቡ በቤፔ አይስቅም። ከአሁን ወዲያ በቤፔ ላይ የሚያላግጥ፣ ቤፔን አስመስሎ የሚሥል፣ በሌባ ሕግ ይያዛል። ማስታወቂያው በሁለት ቋንቋ በመጋዘኑ በር ተለጥፏል። አማርኛው የይልማ ነው፤ ሁለት ቦታ ተሳስቷል፤ አልነገርኩትም።

እስከዛሬ ድረስ የዚህች ከተማ ሰው የሚስቅበትን መርጦ ይስቅ ነበር። አሁን ሳቅም ፈቃድ ይፈልጋል። በጣም ነው የተናደድኩት። እዚህ ላይ ላቁም።

መጋቢት 1

በወንዙ ዳር፣ ሴቶቹ ልብስ በሚያሰጡበት ትልቅ ድንጋይ ላይ፣ አንድ ሰው በከሰል ቤፔን ሥሎ አድሯል። ሳፋውን እንደ ወጥመድ ይዞ ዶሮ ያባርራል። ባለፈው ሳምንት ወታደሮች ከቀወት መንደሮች ዶሮ ሲለቅሙ ሁሉም አይቷል፤ ስለዚህ ማብራሪያ የሚሻ የለም።

ማን እንደሣለው አይታወቅም። ሄጄ አየሁት። የአንገቱ መስመር ባንድ እስትንፋስ የወጣ ነው። ዶሮዋ ነፍስ አላት። የግራ እግሩ ግን ትንሽ አጥሯል፤ ጨለማ ላይ የሣለ ሰው እንዲህ ያጋጥመዋል።

ከበቡሽ የጋቢዬን ጫፍ ስታጥብ ዋለች። የኩባንያውን ሳሙና ዛሬ ገና ከሳጥኑ አወጣችው። "ከሰል በእንዶድ አይለቅም" አለች።

መጋቢት 5

ሌላ። በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ። ቤፔ ሳፋ ውስጥ ፋሺስቶቹ የሚለብሱትን ጥቁር ሸሚዝ ያሻል፤ ውሃው ጠቁሯል፣ እጁ ጠቁሯል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ሸሚዙ ያው ነው። እስኪፍቁት ድረስ ከማጀቴ መንገድ የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አህያ አቁመው አዩት። የዚህኛው እግር ልክ ነው።

ይልማ መንገድ ላይ አገኘኝ።

"ጋሼ፣ ተው።"

"ምኑን?"

"እኔ ምንም አላልኩም። ተው ብቻ ነው ያልኩ።"

መጋቢት 8

ቀትር ላይ ነው የምጽፈው። ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ተኝቷል፤ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ጠዋት ከአብዱልሀኪም ጋር ተከራከርን። የተሸጠ ጨው ሳይኖር ሱቁ በር ላይ ተቀምጠን ነበር።

"እውነቱን እንነጋገር" አለኝ። "ሰውዬውን ያወጡት እነሱ ናቸው። ስሙን እነሱ ሰጡት። የሰው ነገር ወስዶ ማላገጫ ማድረግ ስርቆት ነው ቢሉ ምን ትላለህ?"

"ማንም ሰው ሳሙናዬ ብሎ ቤፔን ለጥፎ ቢሸጥ ሌባ ነው እላለሁ። እኔ ራሴ እይዘዋለሁ። በወንዙ ዳር ያለው ግን ምን ሸጠ? ዶሮ የሚያባርርን ሰው፣ ዶሮ ሲያባርር አሳየ እንጂ።"

"በነሱ ሰውዬ ግን።"

"ግድግዳህ ላይ በግድ አስቀምጠውት የለ? በየመንገዱ በር አሳክለው አቁመውት፣ አትዩት፣ አትሳቁበት ይባላል? የጎረቤት ሰው እንኳ ደጃፍህ ላይ እየዋለ ስም ሳታወጣለት አትቀርም።"

አብዱልሀኪም ፂሙን ዳበሰ። "በኛ በኩል ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ነፍስ ያለው ነገር የሣለ ሰው በቂያማ ቀን፣ በል እንግዲህ ነፍስ ስጠው ይባላል።"

"እንግዲያ ያን ለሣለው ሰው ለምንለት።"

"እያደረግሁ ነው" አለ። "በየሶላቱ። ጆንያውን ስሰቅል።"

ማንነቱን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ የማውቀው ነገር የለምና።

መጋቢት 12

በጥድፊያ። አንድ ወረቀት ጠፋብኝ። የመጠቅለያ ወረቀት፣ ጀርባው ላይ። አብዱልሀኪም ሱቅ ስገባ በብብቴ ነበረ። ወታደር ክብሪት ሊገዛ ገባ። የሆነ ቦታ ሸጎጥኩት። ከጨው ጆንያው ሥር? ከአቡጀዲው ጥቅል? ስመለስ ተዘግቷል። ነገ በማለዳ።

መጋቢት 13

በማለዳ ሄድኩ። አብዱልሀኪም ወደ ደብረ ሲና ጨው ሊያመጣ ወጥቷል፣ ማታ ይመጣል አሉ። ምንም አይደለም። ወረቀት ነው። ማን ጆንያ ያነሣል?

መጋቢት 14

አብዱልሀኪምን ወሰዱት።

መጋቢት 15

ሱቁ ታሽጓል። ፈታሾቹ የመጡት አብዱልሀኪም ቤፔን በጆንያ ይሸፍናል የሚል ወሬ ደርሷቸው ነው። ሲበረብሩ ከጨው ጆንያው ሥር ወረቀቱን አገኙ። ቤፔ ሳፋውን እንደ ቆብ ደፍቶ ከተራራ ቁልቁል ይሮጣል፤ ባርኔጣው ወድቋል፣ ጫማው ወልቋል፣ ከበላዩ ድንጋይ ይንከባለላል። ከተራራው ላይ ማን እንዳለ አልተሣለም። መሣልም አያስፈልገውም።

ከሰዓት በኋላ የአብዱልሀኪም ሚስት ሐጂራ ከከበቡሽ ዘንድ መጣች። እያለቀሰች አልነበረም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ሥዕል ሐራም ነው እያለ ከልጁ ጋር የሚጣላ ሰው እንዴት ይሥላል?" አለች። "ቤታችን ውስጥ እርሳስ እንኳ የለም። ይህን የሚነግርልኝ ሰው አጣሁ።"

ከበቡሽ ወደኔ አላየችም። ሆን ብላ ነው ያላየችው። ሐጂራ ለመውጣት ስትነሣ፣ "ወልደማርያምስ ከኩባንያው ሰዎች ጋር ይግባባል፤ አንድ ቃል ቢናገርልን" አለች። እሺ አልኳት። እሺ ስል ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

መጋቢት 17፣ እሑድ

አስጠሩኝ። ወንጀለኛ ብለው ሳይሆን ሊቅ ብለው። በካራቢኔሪው፣ በጣሊያን ፖሊሶች ቤት፣ ማሬሻሎ የሚሉት አለቃቸው፣ ሲኞር ቤርቶሊኒና ይልማ ነበሩ። ወረቀቱን ዘረጉልኝ።

"አንተ ሠዓሊ ነህ። ይህ የማን እጅ ነው?"

ማወቅ አልቻልኩም አልኩ። እንዲህ ያለ መስመር ማንም ሊያወጣው ይችላል አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ ይህ የከፋው ነው፤ ሁለት ጊዜ ነው የዋሸሁት፣ አንዴ እጄን ክጄ፣ አንዴ መስመሩን ንቄ።

አብዱልሀኪም ማዕዘን ላይ መሬት ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል። ስወጣ፣ "ወልዴ፣ ልጆቹን እይልኝ" አለኝ። ያውቃል። ከመጀመሪያው ያውቃል። አንዲት ቃል ቢናገር ዛሬ ቤቱ ያድር ነበር፤ አልተናገረም።

ልብሴን ሳላወልቅ ተጋድሜ ነው የምጽፈው። ፈሪ ነኝ። ግድግዳ ላይ ጀግና፣ ሰው ፊት ፈሪ።

መጋቢት 18

እኔ ነኝ። ዶሮዋንም፣ ሸሚዙንም፣ ተራራውንም የሣልኩት እኔ ወልደማርያም ነኝ። በገዛ ደብተሬ ላይ እንኳ ስሸፋፍን ከረምኩ። ከማን ነው የምሸሸገው?

ለከበቡሽ ነገርኳት። "ነገ ልሄድ ነው" አልኳት። ስንቅ ሠርታ ጨርሳ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ።

መጋቢት 19

በራሴ እግር ሄድኩ። ይህን ደብተር ከበቡሽ በስንቁ ጨርቅ ጠቅልላ ስለላከችልኝ እዚሁ እስር ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። ዘበኛው የሐማሴን ሰው ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ መስሎታል።

የሣልኩት እኔ ነኝ ስላቸው አላመኑኝም። ለጎረቤትህ ብለህ ነው አሉኝ። ማሬሻሎው ወረቀትና እርሳስ ወደኔ ገፋ፤ ሣል አለኝ። ሣልኩ። እርሳሱን ከወረቀቱ ሳላነሣ፣ ከባርኔጣው ጀምሬ በአንገቱ ወርጄ በእግሩ ጨረስኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ብዙ ቆየ።

ሲኞር ቤርቶሊኒ ተነሥቶ ጮኸ። የኩባንያውን ምልክት ሰርቋል፤ ቤፔ የኛ ነው፤ በሌባ ሕግ ይፈረድበት አለ።

"ይልማ፣ የምለውን ሳትቀንስ ተርጉም" አልኩት። "ጥር ዐሥራ አምስት ቀን የፈረምኩት ወረቀት አለ። ወልደማርያም የሚሥለው ቤፔ ሁሉ፣ በምንም ነገር ላይ ይሣል፣ የኩባንያው ንብረት ነው ይላል። እንግዲያ ዶሮ ያባረረው ቤፔም የእናንተ ነው። ከተራራ የሮጠውም የእናንተ ነው። የራሳችሁን ነገር ሰረቅሁ? ወይም ደግሞ የእናንተ አይደለም፣ የኔ ነው በሉ፤ ያን ጊዜ የገዛ ሥራዬን የሣልኩ ሰው ነኝ። አንዱን ምረጡ። አብዱልሀኪም ግን በሁለቱም የለበትም።"

ይልማ ተረጎመ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ማሬሻሎው ወደ መስኮቱ እንደዞረ ትከሻው ተነቃነቀ። ሲስቅ እንዳናየው ነው። ሲኞሩ እስከ ጆሮው ቀላ።

አብዱልሀኪምን ለቀቁት። ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፤ ልናገር ስል "በኋላ" አለኝ። ማሬሻሎው የስርቆቱን ነገር እንተወው፣ በወታደር ላይ መሳለቁ ግን አለ አለ። ቅጣቱ ጣርማ በር ላይ ስድስት ወር ድንጋይ ፈለጣ ነው። እንደሰማሁት ከዚያ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው።

መጋቢት 21

ሲኞር ቤርቶሊኒ ብቻውን መጣ፤ ከይልማ ጋር ማለቴ ነው። ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ቁጣው በርዷል። ለበላዮቹ ምክንያት መጻፍ አለበት፤ ምልክቱ ጥፋት የለበትም ተብሏል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሠዓሊው መሆን አለበት። ወረቀት ጽፎ መጥቷል። እንዲህ ይላል፤ እኔ ወልደማርያም ሥዕል በወጉ ያልተማርኩ ነኝ፤ ቤፔን በሚገባ መሣል ስላልቻልኩ ተበላሽቶብኛል፤ ሌሎቹም ሥዕሎች የልምምድ ስሕተት ናቸው፤ በማንም ላይ ማላገጥ አላሰብኩም። ይህን ከፈረምኩ ማሬሻሎው ይለቀኛል። ተስማምተዋል። ለፋሲካ ቤትህ ነህ አለኝ።

እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጠኝ።

ከበቡሽ ምሳ ይዛ መጣች። ነገርኳት። የሽሮውን ወጭት አስቀመጠች።

"ፈርም" አለች። "ምን ይላሉ ብለህ ነው? ሰው እንደሆነ ማን እንደሆንክ ያውቃል። ወረቀቱን የሚያነበው ጣሊያን ነው።"

"እኔም አነበዋለሁ።"

"አንተ ጣልያንኛ አታነብ።"

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። ድንጋዩን ፈራሁት። ዋሽቼ ጀግና ልምሰል አልልም፤ እጄን ፈራሁለት። አንድ ጣት የተቀጠቀጠ ቀን ዐሥራ አንድ ዓመት የተማርኩት ሁሉ ያልቃል። አመሻሹ ላይ ሁለት ጊዜ፣ እሺ ልፈርም ብዬ ወስኜ ነበር።

መጋቢት 22፣ ዓርብ

ጠዋት ሲኞሩ፣ ማሬሻሎውና ይልማ መጡ። ብዕሩን ሰጡኝ።

ሌሊቱን ሳሰላው የነበረው ይህ ነው። መሣል ሳልችል የሣልኩት ከሆነ፣ ሴቶቹ ወንዝ ዳር የሳቁት በኔ ነው። እትዬ ጌጤ የሳቁት በኔ ነው። አብዱልሀኪም ከንፈሩ ያበጠው በአንድ ደካማ ሠዓሊ ስሕተት ነው። የኔታ ያስተማሩኝም ከንቱ ነው። አውቄ የሣልኩት ከሆነ ግን የተሳቀው በሚገባው ሰው ነው። ሰውዬውን ይውሰዱት፤ ሮማ ላይ መዝግበውታል፣ የነሱ ይሁን። ሳቁን ግን ለነሱ ፈርሜ አልሰጥም።

የመጣውን ወረቀት ገለበጥኩትና በባዶው ጀርባ ላይ በአማርኛ፣ በደንብ ባለ ጽሕፈት ጻፍኩ።

"እነዚህን ሥዕሎች የሣልኩት እኔ ወልደማርያም ነኝ። ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ ነው የሣልኳቸው። ደግሞም ጥሩ ሥዕሎች ናቸው።"

ፈረምኩ። የአባቴን ስም ጨመርኩበት፤ ባለፈው ጊዜ አልጻፍኩትም ነበር። ከደጅ ወደ ጣርማ በር የሚወስደኝ የጭነት መኪና ሞተር ተነሥቷል።

ይልማ ወረቀቱን ተቀብሎ በዝምታ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ "ጋሼ፣ የመጨረሻዋንም ልተርጉማት?" አለኝ።

"ከሷ ጀምር" አልኩት።